በአናቱ የቆመው አንበሳ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሩት አንድ ነገር በሶፍት ጠቅልላ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ስትፈታው የአያቷ ወርቅ ነው። ባለቤቴ አልማዝ ከማረፏ በፊት በገዛ እጇ አንገቷ ላይ ያሰረችላት የኢዮቤልዩ ሳንቲም፤ በአንድ ፊቱ ንጉሡ፣ በሌላው ፊቱ አንበሳ። ሩት የፀጉር ቤት ልትከፍት ቆርጣ ተነስታለች። በስልኳ ደግሞ እንዲህ ያለውን አሮጌ ሳንቲም የሚገዛ ሰው አግኝታለች፤ ሰውዬው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት አንድ ነገር ጠይቋታል። ከንጉሡ አንገት ሥር በጣም ትንንሽ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች አሉ ወይስ የሉም? «አባባ፣ እስቲ በማጉያህ እይልኝ» አለችኝ። የዘመኑ ልጅ ናትና አንተ ትለኛለች፤ እኔም አልጠላውም።

ከመሳቢያዬ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ያልነካሁትን የዓይን ማጉያ አወጣሁ። ጥቁሩ ጎማ ደርቆ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። ዓይኔ ላይ ስገጥመው ግን ያ የሰዓት ዘይት ሽታ ገና አለቀቀውም፤ ሳላስበው ጎትቶ አዲሱ ገበያ ጣለኝ። ሳንቲሙን አንስቼ ከንጉሡ አንገት ሥር አየሁ። ፊደሎቹ የሉም። እንደሌሉ ሳላይም አውቅ ነበር፤ ያቺን ባዶ ቦታ አርባ ዓመት ሙሉ ይዣት ኖሬአለሁ።

ያኔ አዲሱ ገበያ መንገዱ እንዲህ ሳይጨናነቅ፣ እዚያ ሰዓት ጠጋኝ ነበርኩ። ሱቄ፣ ሱቅ ከተባለች፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ውጭ የሚቆምባት የጣውላ ሣጥን ነበረች። መስኮቷ ላይ በቀይ ቀለም ሰዓት ሥዬባት ነበር፤ ሰዓሊ አይደለሁምና ሰው ሁሉ ድስት ይመስለው ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር። ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀምጠን፣ ጉልበታችን እየተጋጨ፣ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ማውራት ስለማይገባን ነገር ብቻ ዝም እንላለን። እኔ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪና ኮሌታው ትከሻዬ ላይ የሚያርፍ ሸሚዝ ነበረኝ። አፍሮዬን ያየ ሰው በዚያች በር እንዴት እንደምገባ ይገርመው ነበር። ትንሿ ራዲዮኔ ሁልጊዜ ክፍት ነች፤ ካኪ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ማርሹን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲርቅ ዝቅ አድርጌ ዘፈን እፈልጋለሁ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ሱቄ የነበረችበት ቦታ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ መሬቷ ያን ሁሉ መሸከም መቻሏ ይገርመኛል።

ከእኔ ጋር አንድ የጣውላ ግድግዳ የሚጋሩት ጋሽ ይመር የሚባሉ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ከወሎ የመጡ፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ፣ በቀን አሥር ቃል ከተናገሩ በዓል የሚመስላቸው ሰው። ግድግዳችን ላይ አንዲት ጣውላ ወልቃ ስለነበር በዚያ ቀዳዳ ወረንጦም ክብሪትም እንቀባበላለን። የወናፋቸው ሙቀት ክረምት ክረምት ወደ እኔ ይገባል፤ የራዲዮኔ ዘፈን ወደ እሳቸው።

የኢዮቤልዩ ወርቅ ማለት በንጉሡ ዘመን ለአንድ ትልቅ በዓል መታሰቢያ የወጣ ሳንቲም ነው። ጥቂት ሰው ከቤተ መንግሥት ተሸልሞታል፣ ያለው ደግሞ ገዝቶታል። የጉለሌ ሴት ግን ሳንቲም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ መተኛት አታውቅም። ለወርቅ ሠሪ ትሰጠዋለች፣ እሱም ከንጉሡ ራስ በላይ ትንሽ ቀለበት ይበይድላታል፣ ከዚያ በኋላ ቦታው አንገት ላይ ነው። ዘመኑ ሲለወጥ ታዲያ ጉድ ፈላ። የንጉሥ ፊት ደረት ላይ አንጠልጥሎ በቀበሌ በር ማለፍ አይሞከርም፤ ወርቁን ማውለቅም ለሴቶቹ ሞት ሆነባቸው። ስለዚህ ንጉሡን ወደ ደረታቸው አዙረው አንበሳውን ወደ ውጭ አወጡት። አንበሳውም ዘውድ ደፍቷል፤ ግን እሱን ማን ጠጋ ብሎ ያያል። ችግሩ፣ ሳንቲሙ ሲዞር አንበሳው በአናቱ ቆመ። ሁለቱን ፊቶች የመቱት ማህተሞች አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ሆነው ነበርና፣ ንጉሡ ቀጥ ሲል አንበሳው እግሩን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። አልፎ አልፎ ማህተሞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የሆኑበት ይገኝ ነበር፤ የዚያ ባለቤት «የእኔ አንበሳ አይገለበጥም» እያለች ጎረቤት ታስቀናለች። የቀሩት ቀለበቱን ከንጉሡ ራስ አስነቅለው ወደ አንበሳው ራስ ሊያዛውሩ ጋሽ ይመር ዘንድ ተሰለፉ። በእነዚያ ዓመታት በጉለሌ ስንት ንጉሥ በሴት ደረት ላይ ተዘቅዝቆ ይውል እንደነበር የምናውቀው እኔና ጋሽ ይመር ብቻ ነን።

እኔ ነገሩ ውስጥ የገባሁት በዓይኔ ነው። የጋሽ ይመር ዓይን ደክሞ ስለነበር ብየዳው መያዙን አይቼ እንድነግራቸው ሳንቲሙን በቀዳዳው ያቀብሉኛል። ሳይ ሳይ ሁሉም አንድ እንዳልሆኑ ገባኝ። አንዱ ላይ ከአንገቱ ሥር ከጤፍ ያነሱ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች አሉ፣ ሌላው ላይ የሉም። የአንዱ አንበሳ ጅራት ጫፉ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፣ የሌላው ሁለት ቦታ። ሽሮ ሜዳ ሁለት ሸማኔዎች አንድ ዓይነት ጥበብ ቢሠሩ እጃቸው እንደሚለይ፣ እዚህም የመታው ማህተም አንድ እንዳልነበር አወቅሁ። ማንም ያልጠየቀኝ፣ ለማንም የማይጠቅም ዕውቀት ነው፤ እኔ ግን ኮራሁበት። በተለይ አልማዝ ስትመጣ። አልማዝ የእትዬ በላይነሽ ልጅ ነች፣ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። የአባቷን የእጅ ሰዓት ሦስት ጊዜ ለጥገና አምጥታዋለች፤ ሰዓቱ የመጀመሪያውን ጊዜ ከጠገንኩት በኋላ ምንም አልሆነም ነበር። እኔም ቆሟል ስትለኝ ቆሟል አልኩ፤ ሁለታችንም ውሸታሞች ነበርን።

እናቷ እትዬ በላይነሽ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ባላቸው ሾፌር ነበሩ፤ በበዓሉ ዓመት የኢዮቤልዩውን ወርቅ ከቤተ መንግሥት በንጉሡ እጅ ተሸልመው፣ በዚያው ሳምንት ቀለበት አስበይደው የሚስታቸው አንገት ላይ አደረጉት። በኋላ ዘመቻ ሄዱ፣ አልተመለሱም። ሞቱ የሚል ወረቀት አልመጣም፣ አሉ የሚል ደብዳቤም አልመጣም። የቀረው ያ ሰዓትና ያ ወርቅ ነው። እትዬ በላይነሽ ወርቁን አንበሳው እንዲቃናላቸው ለጋሽ ይመር በሰጡበት ሳምንት፣ የሳሙናና የቅመም ሱቅ ያላቸው እትዬ ዘሐራም የራሳቸውን አመጡ። የእሳቸው ወርቅ ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ እናታቸው በሰላሙ ጊዜ ገዝተውት ሲሞቱ አንገታቸው ላይ ነበር። ሁለቱም ሳንቲሞች አንበሳቸው ግልብጥ፣ ሁለቱም ቀለበታቸው የሚዛወር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይመር የሁለቱንም ቀለበት ነቅለው ሳንቲሞቹን ሊያጸዱ ሲሉ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ከመንገዱ ማዶ ሱቅ በሱቅ እየፈተሹ መምጣት ጀመሩ። የንጉሥ ፊት ያለበት ሁለት ወርቅ፣ አንገት ላይ ሳይሆን ወርቅ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ፣ ምን ጥያቄ እንደሚያመጣ መንገር አያስፈልግም። ጋሽ ይመር አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጃቸው ይዘው በቀዳዳው ዘረጉልኝና «የቀኙ የበላይነሽ ነው» አሉኝ። ሰማሁ። ግን ተጣድፌ ሁለቱንም በአንድ መዳፍ ተቀብዬ አንድ የሞተ የጠረጴዛ ሰዓት ሆድ ውስጥ ጨመርኳቸውና ጀርባውን በብሎን ዘጋሁት። ጠባቂዎቹ የእኔንም ሣጥን በረበሩ። አንደኛው ያንን ሰዓት አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው፤ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሠራም አልኩት። አስቀምጦት ሄደ። ሲወጣ ራዲዮኑን ዝቅ ማድረግ ሁሉ አቅቶኝ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከሄዱ በኋላ ነው ድምፃችን የተመለሰው። ሰዓቱን ስፈታ ሁለቱ ሳንቲሞች አንድ ላይ ተንከባለሉ። ጋሽ ይመር ያንጊዜ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡት። ሚዛኑ አንድ፣ መልኩ አንድ። ማጉያዬን አድርጌ አየሁና በኩራት ልዩነቱን ነገርኳቸው፤ ይኸኛው ከአንገቱ ሥር ፊደል አለው፣ ያኛው የለውም። «ታዲያ የማን የቱ ነው?» አሉኝ። እዚህ ላይ ቀረሁ። ሳንቲሙን ከሳንቲም ለየሁ እንጂ ባለቤቱን ከባለቤት መለየት አልቻልኩም፤ ከመቀላቀላቸው በፊት በማጉያ አላየኋቸውም ነበርና። ሴቶቹን እንጠይቅ አልኩ። ጋሽ ይመር እጃቸውን አነሱ። ወርቅ ሠሪ አንድ ጊዜ የሰው ወርቅ ቀላቀለ ከተባለ እጁ ጤነኛ አይደለም ተብሎ ይወራል፤ ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚያ ስም ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን የመሰለ ዝምተኛ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከፍተሻው የባሰ አስደነገጠኝ።

ስለዚህ አሰብኩ። ያሰብኩትን ዛሬ ስናገረው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ሕግ ጽኑ መሰለኝ። አንዱ ወርቅ ከንጉሥ እጅ የተሸለመ ነው፣ ሌላው በገንዘብ የተገዛ ነው። ንጉሥ ለራሱ ሰው የባዕድ ፊደል ያረፈበት ወርቅ በእጁ አይሰጥም፤ ያ ክብሩ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ፊደል የሌለው ንጹሑ የእትዬ በላይነሽ ነው፣ ፊደል ያለበት የተገዛው። ሳንቲሙ በሙሉ ውጭ አገር እንደተመታ እያወቅሁ ነው እንዲህ ያሰብኩት። ጋሽ ይመር እርግጠኛ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም። አልማዝ ወርቁን ልትወስድ በማግሥቱ እንደምትመጣ አውቅ ነበርና ሰዓት ጠጋኙ ታዴ አላወቀም እንዲባል አልፈለግሁም።

በማግሥቱ አልማዝ ከእናቷ ጋር መጣች። እትዬ በላይነሽ ወርቁን ተቀብለው አላዩትም፤ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን አንድ ጊዜ ዙሪያውን አስኬዱት። ከዚያ ቀና ብለው ጋሽ ይመርን አዩ፣ በቀዳዳው አሻግረው እኔን አዩኝ። ብዙ አዩኝ። «እጃችሁ ይባረክ» አሉና ሄዱ። በዓመቱ ሽማግሌ ስልክ እሺ አሉኝ፣ አልማዝን ሰጡኝ። ድንኳናችን ላይ ሁለቱም ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፣ ሁለቱም አንበሶች ቀጥ ብለው። እኔ ሙሽራው ግን ሙሽራዪቱን ትቼ አንገታቸውን አይ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው የጠፋው ባል ወርቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ያላወቅሁትን አውቃለሁ ብዬም ሚስት አግኝቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ወረፋ ነበሩ። ለስኳር ወረፋ፣ ለሳሙና ወረፋ፣ ለዘይት ወረፋ፤ ድንጋይ በስም አስቀምጦ መሄድ። የሰፈሩ ሴቶች አንገት አንድ በአንድ ባዶ ሆነ፤ ያ ሁሉ ቀጥ እንዲል ቀለበቱ የተዛወረለት አንበሳ ለዱቄት፣ ለመድኃኒት፣ ለልጅ ትራንስፖርት ወጣ። የእትዬ በላይነሽና የእትዬ ዘሐራ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ለምን እነሱ እንዳልሸጡ አይገባኝም ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ጦማቸውን ያደሩበትን ቀን አውቃለሁና። በየበዓሉ ሁለቱን ባየሁ ቁጥር ልናገር እልና ሌላ ወሬ አመጣለሁ። ጋሽ ይመር ሞቱ፣ እትዬ በላይነሽም ወርቁን ለአልማዝ አውርሰው ሞቱ፣ አልማዜም ሄደች። ሦስት ዓመት ሆናት፤ ዛሬም ሻይ ስቀዳ ሁለት ብርጭቆ አወጣለሁ።

እንግዲህ ሩት ልትሸጠው ያመጣችው ይህንን ነው። የሌላ ሰው እናት ወርቅ ሊሆን የሚችለውን። ማጉያውን አወለቅሁና ለሩት መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ቦታ አድርሺኝ አልኳት። እትዬ ዘሐራ ዛሬም አዲሱ ገበያ ናቸው። ሱቁን ልጃቸው ይዞታል፤ እሳቸው በሩ ላይ ወንበር አስወጥተው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ይላሉ። ሰማንያን አልፈዋል። ሻሻቸውን ፈታ ሲያደርጉ ያ ወርቅ አንገታቸው ላይ አለ።

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀዳዳውን፣ የሞተውን ሰዓት፣ የንጉሥ ክብር ያልኩትን። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ይስቃሉ።

«ታዴ፣ ወላሂ እስከ ዛሬ አላወቅህም?» አሉኝ። «በላይነሽ ገና ከእጃችሁ ስትቀበል አውቃዋለች። ሳምንት ሳይሞላ እኔ ጋ መጣች።»

እትዬ በላይነሽ ፈታይ አይደሉ፣ አውራ ጣታቸው ፀጉር የምታህል ክር ይለያል። የባላቸው ወርቅ ጠርዙ ላይ ካሉት ጥርሶች አንድ ቦታ የተደፈጠጠ ነበረበት። እኔ በማጉያዬ ንጉሡን ሳይ፣ አንበሳውን ሳይ፣ ጅራት ስቆጥር፣ ጠርዙን አላየሁም። እትዬ ዘሐራም ያጠለቁት ወርቅ ላይ ያንን የተደፈጠጠ ቦታ በጣታቸው ሲያገኙት ወዲያው ገባቸው፤ አንገታቸው ላይ ያለውን ሊፈቱ እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሲሰዱ እትዬ በላይነሽ ያዟቸው።

«እንዲህ አለችኝ» አሉ እትዬ ዘሐራ፣ አሁን ሳይስቁ። «‹እኔ ጋ ከሆነ እሸጠዋለሁ። ዱቄት ባለቀ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ነው። አንቺ ጋ ይቆይልኝ። ያንቺን ደግሞ ብራብ አልነካውም፣ የሰው ነው።› በቃ። እኔም ሱቄ በታሸገ ጊዜ ሦስቴ አወለቅሁት፣ ሦስቴ መልሼ አሰርኩት። የራሴ ቢሆን እኮ ሸጬው ነበር።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔ አርባ ዓመት በደል ብዬ የተሸከምኩት እነሱ አንገት ላይ አደራ ሆኖ ኖሯል። አልማዝስ ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አታውቅም አሉኝ፤ እናቷ ለልጄ አልነግራትም፣ ባሏን ትንቅብኛለች ብለው ነበር። ታዲያ አልማዝን ለምን ሰጡኝ አልኩ፣ እንደተሳሳትኩ እያወቁ። እትዬ ዘሐራ እጄን ያዙኝ። «ያን ቀን የሁለታችንንም ወርቅ ሆዱ ውስጥ ይዞ ሰዓቱ አይሠራም ያለው ማን ሆነና ነው? ፍተሻውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እሷ የቆጠረችልህ ያንን ነው» አሉኝ።

ሩት ወርቁን ከሶፍቱ አውጥታ መዳፏ ላይ ይዛ ለእትዬ ዘሐራ ዘረጋችላቸው፤ የእናትዎ ነው አለቻቸው። እሳቸውም ሳሙት፣ ግንባራቸው ላይ አደረጉት፣ መልሰው መዳፏ ውስጥ ከተው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት። አንቺ ጋ ይቆይ አሉ፤ የራስሽን ብመልስልሽ ትሸጪዋለሽ፣ ገና የሚያስሸጥ ዕድሜ ላይ ነሽ። ሩት ስልኳን አወጣችና ለሰውዬው አንድ ቃል ጻፈችለት። አሳየችኝ፤ «የሰው ነው» ይላል።

ከዚያ እትዬ ዘሐራ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የቅድመ አያትሽን ንኪው አሏት። ሩት አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ አዞረችው። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተደፈጠጠው ብላ ጠየቀች።

«አያትሽ ናታ» አሉ እትዬ ዘሐራ። «ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷ ሰርቃ ድንጋዩ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወትበት። በላይነሽ ያን ቀን የገረፈቻትን እስክትሞት ይቆጫት ነበር።»

ማጉያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ይፍቀዱልኝ ብዬ እትዬ ዘሐራን ጠየቅሁና ሩት ጣቷን ያነሳችበት ቦታ ላይ የእኔን አሳረፍኩ።